ራስ ኃይሉን የማረ፣ በላይን የሰቀለ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፣ መንገዱም እንደ ልብ ይኬድበት ነበር። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ጋቢ ለብሷል፤ ጉልበቱ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አለ። አጠገቡ ያሉት እናት ዝም ማለት አልቻሉም።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ከባሕር ዳር ነው እናቴ። በይቅርታ ተፈትቼ።»

«እሰይ! ተመስገን ነው። ለመሆኑ ጥፋትህ ምን ነበር?»

«ጥፋትስ የለብኝም።»

«ታዲያ ይቅርታው የምንድን ነው?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ማጥፋቴን ፈርሜ ነዋ!» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ማንኩሳን (አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የበዛብህን አገር) አልፈን ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ግን የእናትየው ጥያቄ ከጭንቅላታችን አልወጣም። ጥፋት ከሌለ ይቅርታው የምንድን ነው? ጥፋት ካለስ፣ ይቅር የማለት መብት የማን ነው? የተበደለው ሰው ወይስ ወንበሩ ላይ ያለው?

ይህን ጥያቄ ለማንሳት ከዚህ መንገድ የተሻለ ቦታ የለም። ፍኖተ ሰላም የድሮ ስሟ ወጀት ነበር፤ «የሰላም መንገድ» የሚለውን ስም ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ በበላያ በኩል አድርገው ወደ ቡሬ ወጡ፤ በዚሁ በእኛ መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። እዚያ ካገኟቸው ሰዎች አንዱ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የይቅርታ ታሪካችንን ከዚህ ብንጀምረው አይከፋም።

ራስ ኃይሉ የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት የዘለቀ ጊዜ ጎጃምን ገዝተዋል። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት ሲያመልጡ «እጅህ አለበት» ተብለው ሞት ተፈረደባቸው። ንጉሡ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላቸው፤ ንብረታቸው ግን ተወረሰ። ይህ አንደኛው ምሕረት ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ እስረኛውን ራስ በዚያው ባቡር ይዘዋቸው ነበር፤ ራስ ኃይሉ ግን ድሬዳዋ ላይ ቀሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከጣሊያን ጋር ሆኑ።

ከጣሊያን ጋር ሆነው የሠሩት ነገር የዋዛ አይደለም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ፍቼ አካባቢ ሆነው ጣሊያንን ይዋጉ ነበር። እጃቸውን ቢሰጡ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ የማግባባቱን ሥራ የሠሩት ራስ ኃይሉ ናቸው። ወንድማማቾቹ ቃሉን አምነው ገቡ። ጣሊያን ገደላቸው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ለንጉሡ የገቡት። አባትየው ራስ ካሳ ደግሞ ከንጉሡ ጋር ከስደት ተመልሰው በዚያው ጉዞ ውስጥ ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ የልጆችህን ገዳይ በቃሉ የረዳ ሰው ጌታህ ፊት ቀርቦ እጅ ሲነሳ፣ አንተ ከጌታህ ጎን ነህ። ራስ ኃይሉ አልተሰቀሉም፤ አልተገረፉም። አዲስ አበባ መጥተው በዓይነ ቁራኛ እየተጠበቁ፣ ግን በክብር ኖረው ሞቱ። ሁለተኛው ምሕረት ይህ ነው።

ምክንያቱ ለፖለቲካ ሰው ግልጽ ነው። ንጉሡ ጎጃም የገቡት በጥቂት ጦርና በእንግሊዝ መኮንኖች ታጅበው ነው። ጎጃም ደግሞ የተክለ ሃይማኖት ቤት ነው። ራስ ኃይሉን ከመስቀል ራስ ኃይሉን አስጎንብሶ ማሳየት ይሻላል። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡም ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጽም አዘዋል። በዚህ እኛ እንኮራለን፤ ብዙ ደም አስቀርቷል። የምሕረትን ጥቅም ክደን ልንጽፍ አልተነሳንም።

ነገር ግን በላይ አለ።

በላይ ዘለቀ ዘመኑን ሁሉ በቢቸናና በዓባይ በረሃ ጣሊያንን ሲያስጨንቅ የኖረ አርበኛ ነው። ሹመት የሰጠው አልነበረም፤ እንደሚተረከው «እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ከዚህ በላይ ምን ማዕረግ አለ?» ይል ነበር። ሰው ነውና እንከን አላጣም፤ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ዓባይ ላይ መንገዱን አልቆረጠበትም፣ ከራስ ኃይሉ ጋር ተማክሯል የሚል ክስ እንግሊዞቹ ጽፈውበታል። ቢሆንም ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ላይ ተሾመ። ከላዩ ከተሾሙት ጋር ግን አልተስማማም፤ ሲጠሩት አልሄድ አለ፤ ጦር ዘመተበት፤ ተይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ሞት ተፈረደበት። እዚህም ላይ ንጉሡ ሞቱን ወደ እስራት ለወጡለት። (በላይም አንድ ጊዜ ተምሯል፤ ይህን መደበቅ አይገባም።) ከዚያ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. በላይና ማሞ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ።

አንዱ ከወራሪ ጋር ሠርቶ ሁለት ጊዜ ተማረ፤ ሌላው ወራሪን ተዋግቶ በሁለተኛው ጊዜ ገመድ ጠበቀው። ልዩነቱ የጥፋቱ ክብደት ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ተገልብጦ እናየው ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው። ራስ ኃይሉ የትልቅ ቤት ልጅ ናቸው፤ እጅ መንሳት ያውቁበታል፤ ካጎነበሱ ደግሞ ብዙ ሰው አብሯቸው ያጎነብሳል። በላይ ግን ቢማርም ባይማርም የሚያጎነብስ ዓይነት አልነበረም። እንዲያውም ይህችን ጽሑፍ ስንጽፍ አንድ ነገር ታዘብን፤ ራስ ኃይሉን «አንቱ»፣ በላይን «አንተ» እያልን መጥተናል። ከቋንቋችንም ውስጥ ምሕረቱ ለማን እንደሚቀልል ተጽፏል ማለት ነው።

ንጉሡ ይህንን ሥልጣን በሕግ አስፍረውታል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይቅርታና ምሕረት ማድረግ፣ ቅጣትን ማቅለል የንጉሠ ነገሥቱ መብት ነው ይላል። ይኸው መብት ደግሞ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዕዳም ይሠራ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «ለካሽ መጣብኝ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሳ። ሞጣና ቢቸና ብቻ አይደሉም፤ የእኛው ዳሞትም አልተኛም። መንግሥት ጦር ላከ፤ አልሆነም። በመጨረሻ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ንጉሡም ራሳቸው ጎጃም ሄደው ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ።

ማሩ! ቃሏን ልብ በሉልን። ገበሬው አልከፍልም ብሎ አሸንፏል፤ በመዝገብ የተጻፈው ግን ንጉሡ ለገበሬው እንደራሩለት ነው። መንግሥት «ተሸነፍኩ» ማለት ሲያቅተው «ማርኩ» ይላል። ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ ይህችን ይመስላል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ግጥምጥሞሽ እናንሳ። ጳጉሜን 3 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ከሥልጣን የወረደውን ኒክሰንን ገና ሳይከሰስ ይቅር አሉት። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ኅዳር 14 ደግሞ ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በአንዱ አገር ያለ ፍርድ ይቅርታ፣ በሌላው ያለ ፍርድ ጥይት። ፎርድ ለወቀሳው መልስ ነበራቸው፤ ይቅርታን መቀበል ጥፋትን ማመን ነው የምትለዋን የ1915 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐሳብ ቆርጠው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። የሚኒባሱ ሰውዬ ፌስታል ውስጥ የነበረው ወረቀት የዚችው የአበሻ ወንድም ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ «በሕግ መሠረት» የምትል ልጓም ግን አለችው። አንቀጽ 28 ደግሞ ሌላ አጥር ነው፤ በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይቅርታም በምሕረትም አይታለፍም፤ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ይቻላል። የደርግ ባለሥልጣናት የወጡት በዚች ቀዳዳ ነው። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸው፤ የሃይማኖት አባቶች መሐል ገቡ፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ። ያን ጊዜ የቀይ ሽብር እናቶች አዝነዋል። የሚገርመው፣ ንዴታቸውን የሚያቀርቡበት ሕጋዊ በር አልነበራቸውም።

ሕጋችን «ይቅርታ»ንና «ምሕረት»ን ይለያቸዋል፤ እኛ በወሬ እናደባልቃቸዋለን እንጂ። ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ነው፤ ቅጣቱ ይቀራል ወይም ይቀንሳል፣ ጥፋቱ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። ምሕረት ከዚያ ይሰፋል፤ ክሱንም ፍርዱንም እንዳልነበረ ያደርገዋል። ምሕረት በአዋጅ ይወጣል። ይቅርታ ግን በማመልከቻ ነው፤ ታሳሪው ይጠይቃል፣ የይቅርታ ቦርድ ይመረምራል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። ቦርዱ ደግሞ በአብዛኛው ከአስፈጻሚው ወገን የመጡ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። ስለዚህ ብዕሩ የፕሬዚዳንቱ ይሁን እንጂ ቀለሙ ከሌላ ቢሮ ይመጣል። ይህ ሁሉ ደረቅ የሕግ ወሬ የሚመስለው ሰው ካለ የብርቱካንን ታሪክ ያስታውስ።

የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሐምሌ 13 ተፈቱ። አራት ቀን! በኒያ አራት ቀናት ውስጥ ማንም ጥፋቱን መዝኖ አልጨረሰም፤ ነገሩ ቀድሞ በሽማግሌዎች፣ በእነ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ፣ አልቆ ነበር። የተፈረመ ደብዳቤ ነበር፤ መንግሥት «ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ» አለ፤ የተፈቱት ሰዎች ደግሞ «ለእርቅ ስንል በሽምግልና ነው» አሉ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ። ሁለቱም ወገን ዝም ቢል ኖሮ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር።

ብርቱካን ሚደቅሳ ግን ዝም አላለችም። (እዚህም «አንቺ» እያልን ነው፤ በፍቅር ነው ይታለፍልን።) የቀድሞዋ ዳኛ፣ በኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር፣ በ2001 ዓ.ም. ስዊድን ላይ ስለ አፈታታቸው ተናገረች፤ ስትመለስ ፖሊስ ጠርቶ በሦስት ቀን ውስጥ ንግግርሽን አስተባብዪ አላት። የሰጠችው መልስ «ቃሌ» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ ነበር። በዚያ ትውልድ ውስጥ ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሰረዘ፣ ዕድሜ ልኩ ተመለሰ፣ ቃሊቲ ገባች። የወጣችው በ2002ቱ ምርጫ ማግስት፣ መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ አሁንም በይቅርታ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች፤ ያውም ገዢው ፓርቲ ስሙን ሳይቀይር!

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ብትፈርምስ ምን አለበት፣ ልጅ አላት» ይል ነበር። እኛም ዕድሜያችን ለጋ ቢሆንም ቤት ውስጥ ሲባል ሰምተናል። አሁን ስናስበው ግን የተጠየቀችው ፊርማ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ራሷ ታሪክ የመንግሥትን ንባብ ብቻ እንድታነብ ነበር። ይቅርታው ከእስር ቤት ቢያወጣትም ከአፏ ላይ መቆለፊያ ይዞ ነው የመጣው። መክፈቻው ደግሞ በሰጪው ኪስ ነው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. እስክንድር ነጋን «የግንቦት 7 አባል ነኝ ብለህ ፈርም» ሲሉት እንቢ ያለው ለዚሁ ይመስለናል። አልፈረመም፤ ከቀናት በኋላ ግን ተፈታ። እንግዲህ ሳይፈረምም መፍታት ይቻል ኖሯል!

የ2010ሩ ይቅርታ በብዛቱ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ክስ ተቋረጠ፣ ይቅርታ ተሰጠ፣ በሐምሌ የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ወጣ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ሰው ተጠቀመ። ደስታው የዚያን ጊዜ ልክ አልነበረውም፤ እኛም ጨፍረናል። ያላደረግነው ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። ማን በምን ተከሶ ነበር? የትኛው ክስ ሐሰት፣ የትኛውስ እውነት ነበር? ሁሉም በአንድ ከረጢት ታስሮ «ይቅር» ተባለ። በሐሰት ተከሶ የተገረፈው ሰው ነፃ ነበርክ የሚል ፍርድ አላገኘም፤ በእውነት ያጠፋም ካለ ምን እንዳጠፋ አልተነገረንም።

ይህ ዝምታ ምን እንዳስከተለ ከእኛ ከአማራ ክልል በላይ የሚያውቅ የለም። ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በ2001 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከሰው ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ነበር። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ተፈቱ፣ ማዕረጋቸው ተመለሰ፣ የክልሉን የሰላምና ደኅንነት ቢሮ እንዲመሩ ተሾሙ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ዶክተር አምባቸው መኮንንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ተገደሉ፤ መንግሥት አቀናባሪው ጄኔራሉ ናቸው አለ፤ እሳቸውም በሁለተኛው ቀን ተገደሉ። አንዳንዱ «ድሮም መፈታት አልነበረባቸውም» አለ፣ አንዳንዱ «ድሮም መታሰር አልነበረባቸውም» አለ። የ2001ዱ ክስ እውነት ይሁን ሐሰት ሲፈቱ ቢነገረን ኖሮ ክርክሩ ቢያንስ መነሻ ይኖረው ነበር። ይቅርታው ጥያቄውን ከነነፍሱ ቀበረው፤ የተቀበረው ጥያቄ ከነጠብመንጃው ተነሳ።

አሁን ጎጃም እንደገና ጦርነት ያየ አገር ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደሞቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ተናግሯል። ያ «የሰላም መንገድ» የተባለው ከተማ። ከዚያ ወዲህ ለታጣቂዎች «በሰላም ግቡ፣ ይቅር ትባላላችሁ» የሚል ጥሪ ተደጋግሞ ሰምተናል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ምሕረትን ከቅድመ ሁኔታ ጋር ያስቀምጣል፤ እውነት መናገር፣ ለተጎዱት መካስ የሚሉ ቃላት አሉበት። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ጥሩ ናቸው። የቡሬ ገበሬ ግን ወረቀቱን ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሲጠሩት የሚያስበው ስለ ራስ ኃይሉ አይደለም፤ ስለ በላይ ነው። ቃል አምነው ስለገቡት ስለ ራስ ካሳ ልጆችም የሰማ አለ።

ደግሞ አንድ ነገር ይጎድላል። እስካሁን በጻፍነው ሁሉ ውስጥ ይቅርታ የሚጠይቀው ታሳሪው፣ ሸማቂው፣ ገበሬው ነው። መንግሥት ጠይቆ የሰማነው መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑበት ዕለት ምክር ቤት ቆመው ለጠፋው ሕይወት ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ያለቀሱ አዋቂ ሰዎች ነበሩ። ያን ይቅርታ ግን የመረመረው ቦርድ የለም። ጥፋቱ ተዘርዝሮ ፊርማ ያረፈበት ማመልከቻም የለም፤ ጠያቂው ቃሉን ሲያጥፍ የሚሰርዘውም የለም። የሚኒባሱ ሰውዬ ፌስታሉን አቅፎ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ እናትየው በመስኮት «ወረቀቱን እንዳትጥለው ልጄ፣ ይጠይቁሃል» አሉት።